ቁልቁለት ላይ የቆመችው ቮልስ

ዛሬ ጠዋት የአባቴን ቮልስ ላጥባት በሩን ስከፍት፣ ቤንዚንና ፀሐይ የመታው የቆዳ መቀመጫ ሸተተኝ። ወዲያው አክስቴ ሰናይት የተዳረችበት ቀን ትዝ አለኝ። ቦሌ በየሳምንቱ አዲስ ፎቅ የሚበቅልበት፣ አሮጌ መኪና የሚያሳፍርበት ጊዜ ነበር።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ቪዲዮ ውስጥ እንዳትገባብኝ ራቅ አድርገህ አቁማት» አለችው አባቴን።

እሱም ቦሌ ሚካኤል ካለው ቤታችን ከፍ ብሎ፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ አቆማት። «ልጄ፣ ስትቆሚ መነሻሽን አስቢ» አለኝ። አልገባኝም።

ሙሽሮቹ ሲወጡ፣ ዘፈን ሲያስጮህ ያረፈደው ሊሞዚን ባትሪው ሞተ። ሚዜዎቹ ሊገፉት ሲረባረቡ ሾፌሩ «ኦቶማቲክ ነው፣ በግፊ አይነሳም!» አለ። አክስቴ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

አባቴ ወደ ቮልሷ ወስዶን ሙሽሮቹን ከኋላ፣ እኔን ከፊት አስገብቶ ፍሬኑን ለቀቀ። ቮልሷ ድምፅ ሳታሰማ ቁልቁል ተንደረደረች፤ ማርሽ ሲያስገባ ነጠር ብላ ተነሳች። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ቪዲዮ ቀራጩ ከኋላችን ይሮጣል። አክስቴ «ጋሼ፣ ክላክሱን እንዳትለቀው!» እያለች ትጮኻለች።

ዛሬ ልጇን ትድራለች። «ሊሞዚን የሚባል እንዳላይ፣ ቮልሷን አምጪልኝ» ብላኛለች። ቁልቁለቱ አናት ላይ አቁሜ እየጠበቅኋት ነው።