ምላስ በጥርስ መካከል

ባለፈው ወር የመምህር ተስፋይ ሙት ዓመት ሲታሰብ፣ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ከፊቴ የነበረች ሴት የያዘችውን ጧፍ እፍ ብላ አጠፋችውና የሰሙ ጭስ ቀጥ ብሎ አፍንጫዬ ገባ። ሌላውን ሰው ይህ ሽታ ቅዳሴ ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ‹ፒ› የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። በዚያው ቅጽበት አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛችን ተነስቶ «መምህራችን ሴት ተማሪዎቻቸውን አንድ ቀን እንኳ አሳፍረው አያውቁም» አለ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እኔ እጄን ከጉልበቴ አላነሳሁም። የሞተን ሰው መውቀስ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያጨበጨቡት ሰዎች ያልሰሙት ነገር አለ።

ጣሊያን ወጥቶ እንግሊዞች በከተማው ውስጥ ወዲያ ወዲህ በሚሉበት ዘመን፣ አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ መቐለ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ትምህርት ቤታችን ጣሊያን ጥሎት የሄደ መጋዘን ሲሆን፣ የቆርቆሮ ጣሪያው በፀሐይ ሲግል ይንጣጣል፤ የሞተር ዘይት ሽታውም ከግድግዳው አልለቅ ብሎ ከደብተራችን ጋር ተከትሎን ቤት ይገባ ነበር። መምህር ተስፋይ እንግሊዝኛን የተማሩት በስደት ሱዳን ሳሉ ነው። ‹ፒ›ን ሲያስተምሩን ጧፍ አብርተው አፋችን አጠገብ ይይዙልናል፤ የእኛ ‹ጰ› ትንፋሽ የለውምና ጧፉን ንቅንቅ አያደርገውም፤ የእንግሊዞቹ ግን ነበልባሉን ካላስጎነበሰው አልተባለም ማለት ነው። አንዱ ልጅ እልህ ይዞት በጣም ቀርቦ ሽፋሽፍቱን አቃጥሎ፣ ሳምንቱን ሙሉ የተገረመ ሰው መስሎ ሰነበተ።

እንግሊዝኛን የወደድኩበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ስለነበረ ትግርኛ ስናገር ‹ዐ› እና ‹ሐ› ከጉሮሮዬ አይወጡልኝም። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ይከቡኝና «እስኪ ‹ዓይኒ› በሊ!» ይሉኛል፤ «አይኒ» ስል ሆዳቸውን ይዘው ይንከባለላሉ። «ጓል ሸዋ፣ ጎሮሮኺ ኣበይ ገዲፍክዮ መጺእኪ?» ይላሉ፤ የሸዋ ልጅ፣ ጉሮሮሽን የት ጥለሽው መጣሽ ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛን ግን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ማንም አልነበረም። እዚያ ሁላችንም እኩል ኮልታፋ ነበርን፤ እኩልነት ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ያየሁት በዚያ ክፍል ነው።

ያ እኩልነት የፈረሰው ምላስ ማውጣት የመጣ ቀን ነው። እንግሊዞች ‹ዘ› የሚመስል ግን ‹ዘ› ያልሆነ ድምፅ አላቸው፤ የምላስ ጫፍ በጥርስና በጥርስ መካከል ወጥቶ ካልታየ አይገኝም። መምህሩ «ምላሳችሁን አውጡ!» ሲሉ ወንዶቹ በደስታ አበዱ፤ በታላቅ ሰው ላይ ምላስ ማውጣት በጥፊ የሚያስመታ ነውር ነውና፣ ተፈቅዶላቸው ሲያወጡ እስከ አገጫቸው ዘረጉት። ሦስት ሴቶች ነበርን፤ ሦስታችንም አፋችንን በነጠላችን ሸፈንን። መምህር ተስፋይ አዩንና በለሰለሰ ድምፅ «እናንተ ተዉት፤ ለሴት ልጅ አይሆንም። ‹ዘ› ካላችሁ ይበቃል» አሉ። ጓደኞቼ እፎይ አሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እፎይ አልኩ። በማግስቱ ግን ወንዶቹ ሲሳሳቱ እያስቆሙ ሲያርሟቸው፣ እኛን «ጎበዝ» እያሉ ሲያልፉን አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎበዝ የሚለውን ቃል አልወደውም።

ይህ ሁሉ ምንም ባልሆነ ነበር፣ አክስቴ እትዬ ዘነበች ባትኖር። ሴት ልጅ ፊደል ከለየች ምን ቀራት እያለች አባቴን ጠዋት ማታ ስትጎተጉተው፣ አንድ ቀን ሰልችቶት ፈረደ፤ ከአዲስ አበባ የትምህርት ተቆጣጣሪው ከእንግሊዛዊ እንግዳ ጋር ሲመጣ፣ እፊታቸው አንብቤ ከተመሰገንኩ እቀጥላለሁ፤ ካልሆነ ቤት እገባለሁ። አንባቢ ሆነው የሚመረጡት ደግሞ ያን ድምፅ በትክክል የሚያወጡ ብቻ ነበሩ፤ ወንዶቹ ማለት ነው።

ስለዚህ በነጠላዬ ሥር ተማርኩት። ከቤታችን ጓሮ፣ የበለሱ አጥር አጠገብ፣ አፌን ሸፍኜ «ማይ ፋዘር፣ ማይ ማዘር፣ ማይ ብራዘር» እላለሁ። አባት፣ እናት፣ ወንድም፤ እንግሊዞች ምላሳቸውን የሚያወጡት በዘመዶቻቸው ላይ ብቻ ይሆን እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። እትዬ ዘነበች አፌን ሸፍኜ መዞሬን አይታ «ጥርስሽን አሞሻል፤ ቅርንፉድ ያዢበት» አለችኝ። አልተከራከርኩም፤ ያዝኩበት።

እንግዶቹ መጡ፤ አባቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ወንዶቹ ተራ በተራ አነበቡ። ተቆጣጣሪው በአማርኛ «ሴቶቹስ አያነቡም?» ብለው ጠየቁ።

«ያፍራሉ፣ ጌታዬ» አሉ መምህር ተስፋይ።

«እኔ አላፍርም» አልኩ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ተነሳሁ። እንግሊዛዊው አፌን አፌን ያያል፤ አባቴም እንደዚያው። ‹ዘ› ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አላልኩም። «ማይ ፋዘር» ስል ምላሴ ወጥቶ የታየው ለአባቴ ነበር። አንብቤ ስጨርስ እንግዳው ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ ግቢው ውስጥ መምህሩን አስቆመ። «መምህር፣ ያ ምላስ ማውጣት የግድ ነበር?» አለ። ተነፈስኩ፤ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ወንዶቹን «የግድ ነው» እያሉ ስንት ጊዜ ሲነግሯቸው ሰምቻለሁ። መምህር ተስፋይ እኔን አዩኝ፣ አባቴን አዩት።

«የግድ እንኳ አልነበረም። ለሴቶቹ ትቼላቸው ነበር» አሉ።

«እንግዲያ ከራሷ ነው» አለ አባቴ።

ቃሉን አላጠፈም፤ ትምህርቴን ቀጠልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ራት ሲበላ ከአጠገቡ አስቀምጦ በእጁ ያጎርሰኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ደብተር ገዛልኝ፣ ስታመም ሐኪም ጠራልኝ፣ ዳረኝ፤ እጁ ግን ወደ አፌ አልመጣም።

እኔም የእንግሊዝኛ መምህርት ሆንኩ። በየዓመቱ አንድ አባት ተቆጥቶ ይመጣል፤ ሴት ልጄን ለምን ምላስ ታስወጫታለሽ ይላል። «የግድ ነው፤ እኔ ነኝ ያዘዝኳት» እለዋለሁ። ለማለት አንድ ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም። አባትየው ትንሽ ያጉረመርምና ይሄዳል፤ እኔም በር ላይ ቆሜ፣ እመንገዱ ጋ ሲደርሱ የልጅቱን እጅ ይይዝ እንደሆነ አያለሁ። አብዛኞቹ ይይዛሉ።