ያልቀላው ፕላስተር

የወንድሜን ሚስት ይቅር ብያታለሁ ብዬ አላውቅም። እንደዚያ የሚሉት ዘመዶቻችን ናቸው።

ለጡቴ ካንሰር የጨረር ሕክምና የጀመርኩት ልጇ ሁለት ወር ሊሞላት ሲል ነው። ቀዶ ሕክምናው አዘግይቶኝ ስለነበር፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ አራስ ልጠይቅ የሄድኩት በዚያው ሰሞን ነበር። “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ብዬ እጄን ስዘረጋ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሰበሰበቻት።

“እትዬ፣ ራዲዬሽን ላይ ነሽ አይደል? ለቤቢ ሴፍ አይደለም።”

ጨረሩ ከእኔ ወጥቶ ልጅ ላይ የሚጋባ መስሏታል። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ እንደሚጠፋ፣ ሰውነቴ ውስጥ የሚቀር ነገር እንደሌለ ባስረዳ ማን ይስማኝ። ሌሎቹ በሲኒ ሲጠጡ ለእኔ ሻይ በወረቀት ኩባያ ሰጠችኝ። ይባስ ብሎ በሳምንቱ ወንድሜ ደወለና፣ ገና በእርግዝናዋ ቃል የገቡልኝን ክርስትና እናትነት ለሚስቱ ጓደኛ እንደሰጡት እየተንተባተበ ነገረኝ። ልጅ የለኝም፤ ያቺን ልጅ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። የዚያን ቀን ካንሰሩን እንኳ የወንድሜን ሚስት ያህል አልጠላሁትም።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ጥናት ላይ ለመሳተፍ ፈቅጄ ነበር። ከጨረሩ በፊት ቆዳዬ ላይ ጄል ያለበት ፕላስተር ይለጥፉልኛል። ጄሉ ውስጥ የሟሟ ወርቅ አለ፤ ጨረር ሲያገኘው ናኖፓርቲክል የሚሏቸው፣ በዓይን የማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች ይፈጠሩና ፕላስተሩ ይቀላል። ጨረሩ በበዛ ቁጥር ቅላቱ ይደምቃል፤ ቆዳዬ ላይ ያረፈው መጠን ልክ መሆኑን የሚያዩት በዚያ ነው። አንድ አርብ ባለሙያውን ለመንኩት። ምክንያቴን ሲሰማ ሳቀና ለክቶ የጨረሰውን ቀይ ፕላስተርና አንድ አዲስ ሰጠኝ። አዲሱን ከሕክምናው በኋላ ደረቴ ላይ ለጥፌ አደርኩ።

በማግስቱ፣ በክርስትናው ዋዜማ፣ ቤተዘመዱ እነሱ ቤት ተሰብስቦ ነበር። ሳልጠራ ሄድኩ። ምሳ እስኪበላ ታገስኩና በቀሚሴ አንገት እጄን ሰድጄ ፕላስተሩን ላጥኩት። በጨረሩ የተቃጠለ ቆዳዬን ይዞ የሚነሳ መሰለኝ። ከቀዩ ጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

“ይሄ ማሽኑ ሥር የነበረው ነው። ይሄ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ እኔ ላይ የነበረው። የቀላ ነገር ካለ አሳዩኝ።”

አክስታችን መነጽራቸውን አድርገው ያልቀላውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ዞረው የወንድሜን ሚስት አዩ። ፊቷ ከቀዩ ፕላስተር ብሶ ቀልቶ ነበር። መግቢያ ስታጣ አንጀቴ ራሰ። ነገ የሕፃኗ ክርስትና እናት እኔ ነኝ አልኩ። ወንድሜ ቶሎ ብሎ እሺ አለ።

እሑድ ጠዋት ሕፃኗን ከጥምቀቱ ስትወጣ ተቀብዬ አቀፍኳት። ጭንቅላቷን የተቃጠለው ጎኔ ላይ ጣል አደረገችና ትፈራገጥ ጀመር። ሕመሙ ዓይኔን አጨለመው። ወደ ሌላው ክንዴ ላዛውራት እችል ነበር። እናቷ ግን ፊት ለፊቴ ቆማ ታየኛለች፤ እዚያው ላይ አጥብቄ ያዝኳት።