አስር ጊፋታ

ወንድሜ አንጁሎ ግትር ነው። እናታችንም ግትር ነበረች፣ እኔ እህቱ ትዕዛዝም ብሆን ከእነሱ አልሻልም። አንጁሎ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ከትምህርት ሰዓት በኋላ በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ልጆችን ጂምናስቲክ ያሠለጥናል። ፍራሹ የደረቀ የእንሰት ቅጠል የታጨቀበት ጆንያ ነው፤ ልጆቹ የሚራመዱበት አግዳሚ ደግሞ የተላገ ባሕር ዛፍ። "በእግር መሄድ አንሶ ደግሞ በእጅ?" ብዬ የሳቅኩበት እኔው ነኝ።

የሚያንገበግበው ነገር ነበረው። በአስራ ሦስት ዓመቱ ከሐዋሳ አሠልጣኞች መጥተው ልጆች ሲመርጡ ተሰለፈ። ዕድሜውን ጠየቁትና "አንተማ አልፎብሃል" ብለው መለሱት። እስቲ አሁን ሰው በአስራ ሦስት ዓመቱ ምን ያልፍበታል? እሱ ግን ያቺን ቃል ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያመነዥካት ኖረ። ለዚህም ነው ከኢንተርኔት ያወጣውን ወረቀት መጋዘኑ ግድግዳ ላይ የለጠፈው፦ በስድስት ዓመት ደረጃ አንድ፣ በስምንት ደረጃ አራት፣ በአስር ደረጃ ስድስት፣ እያለ ይወጣል። ከላይ "ብዙውን ጊዜ" ይላል ወረቀቱ። አንጁሎ ያቺን ቃል እንዳላየ ሆኖ አለፋት።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስምና ዕድሜ ስጽፍ እውላለሁ። የወንድሜ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆቹን መዝገብ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ምነው እጄን በቆረጠው!

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ አባይነሽ የምትባል ጎደሬ ነጋዴ ከሻንቶ ልጇን ይዛ መጣች። ሩት ትባላለች ልጅቷ። ገበያ መሐል፣ በጎደሬው ክምር መካከል፣ በእጇ ስትሄድ ሰው አይቶ ነው ወደ አንጁሎ የላካቸው። ቀጭን ናት፤ ስትስቅ ድዷ ሁሉ ይታያል። በቢሮ አመሌ እናቷን ቶሎ ቶሎ ጠየቅኋት፣ በወላይትኛ።

"የልጅቷ ስም?"

"ሩት።"

"የባልሽስ?"

"ጩማ።"

"ስንት ጊፋታ ሆነ?"

የገጠር እናት የልደት ቀን አትይዝም፤ ዓመቱን በዘመን መለወጫ በዓላችን፣ በጊፋታ ነው የምትቆጥረው። እንደዚያ ብዬ መጠየቅ የለመደብኝ ነው። አባይነሽ ትንሽ በጣቷ ቆጠረችና "አስር" አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ "ጥሩ ጊፋታ ነበር፣ ሁለት በሬ ነው የታረደው" ብላ ጨመረችልኝ። የበሬው ወሬ ምን ያደርግልኛል ብዬ አስር ብዬ ጻፍኩ።

አንጁሎ በልጅቷ አበደ። ከደሞዙ እንቁላል እየገዛ ያበላታል። "ለአስር ዓመት አላነሰችም?" ብዬ ጠይቄዋለሁ፣ አልዋሽም። "የምግብ ነገር ነው፤ የጎደላት እሱ ነው" አለኝ። በሁለት ወር ደረጃ አራትን ጨረሰች። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር፤ እሱ ግን ወረቀቱን እያየ ይቃጠላል። "አስር ዓመት ሞልቶሽ ገና አራት? ሊያልፍብሽ እኮ ነው!" ይላታል። ወደ ኋላ መገልበጥ ሲጀምሩ ልጅቷ ፈራች። ደጋግማ "ኮች፣ ገና አልደረስኩም" ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"መዝገቡ ደርሰሻል ይላል" አላት።

መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደቀች። ዘልላ ተገለበጠች፣ ግን ጆንያው ላይ አልደረሰችም፤ ጀርባዋ የአግዳሚውን ጠርዝ መታው። ባጃጅ ውስጥ አንጁሎ አቅፏት፣ እኔ እግሯን ይዤ፣ እግሯ እጄ ላይ እንዲያው እንደ ጨርቅ ነበር።

ሆስፒታል ሐኪሙ ዕድሜዋን ጠየቀ። "አስር" አለ አንጁሎ። ይህን ጊዜ አባይነሽ የጎደሬው አፈር ከእጇ ሳይራገፍ እየሮጠች ደረሰች።

"የምን አስር? ስምንት ናት!"

"አስር ጊፋታ አላልሽኝም?" አልኳት።

"እሱማ የተዳርኩበት ነዋ! ባሌን ጠይቀሽኝ ወዲያው ስንት ጊፋታ ሆነ ስትይኝ፣ ትዳሬን መስሎኝ።" ከዚያ ፊቷን ትነጭ ጀመር። "ወይኔ ልጄን! ያልተጠየቅኩትን መልሼ እኔው ጎዳኋት!"

ጌታ ሆይ፣ ያን ጊዜ "አይደለም፣ እኔ ነኝ በደንብ ያልጠየቅኩሽ" ማለት ምን ይከብድ ነበር? እጇን ከፊቷ ላይ ያዝኩላት እንጂ እሱን አላልኩም። ሐኪሙም አከርካሪዋ ተጎድቷል፣ ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም አለ።

ነገሩ ሲጣራ አንጁሎን መዝገቡን ማን ጻፈው ብለው ጠየቁት። ጽሕፈቱ የእኔ መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቃል። "እኔ ነኝ" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ከማስተማሩ ተባረረ፣ መጋዘኑም ተዘጋ። እኔ ዛሬም መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው ዕድሜ እጽፋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊፋታ አለፈ። አንጁሎ ሻንቶ ቤት ተከራይቶ በቀን ሥራ ይኖራል፤ ጠዋት ጠዋት ሩትን አዝሎ ትምህርት ቤት ያደርሳታል፣ ከሰዓት ይመልሳታል። ባለፈው ጊፋታ ማግስት፣ እውነቱን ለአባይነሽ ልነግራት ቆርጬ አብሬው ወደ ቤቷ ሄድኩ። አባይነሽ እጄን ይዛ ሳመችኝ፤ "አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለችኝ። ይኸው አሁንም አልነገርኳት።

ሩት በር ላይ ተቀምጣ ደብተሯን አቅፋ ትጠብቀው ነበር። ሲያያት እንደ ልማዱ ተንበርክኮ ጀርባውን ሰጣት። አንገቱን አቀፈችና፦

"ኮች፣ እናቴ በትክክል ቆጠረችልኝ። አስር ሞላኝ። አሁን ደረስኩ አይደል?" አለችው።