ቡላን ያዳነችው ጫልቱ ናት

ይህን እስከ ዘንድሮ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለነፍስ አባቴ እንኳ። በጾም ወተት መጠጣቴን፣ ሰው መሳደቤን፣ የጎረቤት ድንበር መግፋቴን ሳይቀር ዘርዝሬ ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይያዝ ነበር። "ሌላስ አለ ልጄ?" ይሉኝ ነበር። "የለም አባ" እል ነበር። ነበረ እንጂ! እናንተ ስለማታውቁኝ ይሆናል ለእናንተ መናገር የቀለለኝ።

ሞላ እባላለሁ። ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ ባምባሲ ጋሪ እነዳለሁ። ፈረስ የሳለበት ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ የፈረስ ሳል አዋቂ ነው ይሉኛል። አይደለሁም። ምንም አላውቅም። ይኸው አልኩት።

አባቴ ግን አዋቂ ነበር፤ እሱን አልክድም። ሊሞት ሲል ጫካ ይዞኝ ገባና ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እየነካ ነገረኝ። እኛ ዘንድ መድኃኒት ለልጅ አንዴ ነው የሚነገረው፤ ስሙ ከተደጋገመ ይረክሳል። እኔ ደግሞ በዚያች አንዲት ሰዓት ዐይኔ ወንዝ የምትወርድ ልጅ ላይ ነበር። እሷንም አላገባኋት! "ገባህ?" አለኝ አባቴ። "ገባኝ" አልኩ። ምኑ እንደገባኝ እግዜር ይወቀው።

አባቴ ሞተ። አርባው ሳይወጣ ሰው ፈረሱን እየጎተተ መጣ። ምን ልበል? ልጅቷን ሳይ አመለጠኝ ልበል? አፈርኩ። ከጓዳ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ሰርቄ በማር ለወስኩት፤ እንዳይታወቅብኝ ጤና አዳም ጨመርኩበት። ሚስቴ ቅመሟን አይጥ እየበላባት መስሏት ድመት አመጣች። ባልዲ የፈላ ውሃ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከትቼ፣ የፈረሱን ራስ በጆንያ ሸፍኜ በእንፋሎቱ አጥነዋለሁ። አጉረመርማለሁም። የማጉረመርመው የማላውቀውን የቅጠል ስም ነው። ስሙ ስለማይነገር ማንም አይጠይቀኝም። ቀላል ጉንፋን የያዘው ፈረስ በራሱ ጊዜ ይሻለዋል፤ የምመሰገነው እኔ ነኝ።

ከዚያ የቶለሳ ፈረስ ታመመ። ቶለሳ ከወለጋ የመጣ ጎረቤቴ ነው፤ አብረን ጋሪ የጀመርን፣ ከወንድም የማልለየው። ቡላ የሚባል ፈረስ ነበረው፤ ልጆቹ የሚበሉት ያ ፈረስ ሠርቶ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ቡላ ሳል ጀመረው። አፍንጫው ይዝረበረባል፤ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል። እኔም በማር የለወስኩትን አጎረስኩት፤ አጠንኩት፤ አጉረመረምኩ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ባሰበት። የቶለሳ ሚስት ጫልቱ "የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ መርፌ ይወጋ" አለች። ትክክል ነበረች። እኔስ? ሐኪም መጥቶ ምን አጎረስከው ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ሽንኩርት ልበል?

"ወዮላችሁ!" አልኩ። "የእኔ መድኃኒት በገባበት ገላ መርፌ ከገባ ተጋጭተው ይገድሉታል።" እኔ ነኝ ያልኩት። ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ እዚያው ቆሜ ፈጠርኩት። ቶለሳ አመነኝ። ወንድሙ አይደለሁ?

በማግስቱ የቶለሳ እናት ታመሙና ሊጠይቃቸው ለሁለት ቀን ቤጊ ሄደ። ጫልቱ ባሏ ከዐይኗ እስኪሰወር ነው የጠበቀችው። ቡላን ጎትታ ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሙ መርፌ ወጋው፤ የሻገተውን ድርቆሽ ጣይ፣ ንጹሕ ሣር አርሰሽ ስጪው፣ በረቱን አየር ይግባበት አላት። ሁሉንም አደረገች። አይቻለሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ቆሜ ድርቆሹን ስታወጣ አይቻለሁ።

ቶለሳ ሲመለስ ቡላ ሣሩን እየቆረጠመ ጠበቀው። ቶለሳ "ዋቃዮ! አምላኬ!" ብሎ እኔን አቀፈኝ። እኔን! ጎረቤት ተሰበሰበ። ከዚያ የፈረሱን አንገት ሲደባብስ እጁ እብጠት ላይ አረፈ። "ሞላ፣ ይሄ ምንድነው?" አለኝ። ጫልቱ በፈረሱ ማዶ ቆማለች፤ ዐይኗ ዐይኔ ላይ ነው። እውነቱን ብናገር ያን ጊዜ ምን ይቀርብኝ ነበር? ስም። ባዶ ስም።

"መርፌ ነው" አልኩ። "ፈጣሪ ባያተርፈው ጫልቱ ገድላው ነበር።"

ጫልቱ "ያዳነውስ መርፌው ነው!" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀባት። እኔም ሳቅሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አብሬ ሳቅሁባት። ቶለሳ በሰው ፊት ሰደባት። ለእኔ በግ አረደልኝ፤ በላሁ፤ አጥንቱንም ጋጥኩ። ቡላ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ሠርቶ አርጅቶ ነው የሞተው፤ ጫልቱ ግን "ፈረስ ልትገድል የነበረችው" እንደተባለች ቀረች። በዚያ ቤት ስለ በሽታ አንድ ቃል ከተነፈሰች "አንቺ ዝም በይ፤ ቡላን ረሳሽው?" ነው መልሱ።

ዘንድሮ ራሱ ቶለሳ ሳል ያዘው። አንድ ወር አለፈው፤ ከሳ። ጫልቱ ጤና ጣቢያ እንሂድ እያለች ለመነችው። "እንደ ቡላ ልታስወጊኝ ነው?" አላት። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። "ለቡላ ያደረግክለትን ለእኔም አድርግልኝ" አለ።

እምቢ አልኩ? ወይ እኔ! ሽንኩርቱን ላጥኩ። ባልዲውን ይዤ ቤቱ ሄድኩ፤ ጓደኛዬን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ጆንያ አለበስኩት። ሰውዬውን! አፌን ከፍቼ ላጉረመርም ስል ከጆንያው ውስጥ ትንፋሹን ሰማሁት። ሲር ሲር ይላል። ፈረስ አዳምጬ ኖሬያለሁና ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በእውነት የማውቀው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። የሚሞተው በእኔ ቃል ነው አልኩ በሆዴ።

ጆንያውን ገፈፍኩት። "ቶለሳ፣ ቡላን ያዳነችው ጫልቱ ናት። እኔ የሰጠሁት ሽንኩርት ነው። ተጋጭተው ይገድላሉ ያልኩትም ውሸት ነው።"

ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። በር ላይ ቆማ የምታየን ጫልቱ አልሳቀችም። ሳሉ ጋብ ሲልለት ፊቴን አየና ገባው። ዞሮ እሷን አያት። "አሥራ አንድ ዓመት?" አለ በቀስታ። እሷ ባልዲውን አንስታ ወደ ደጅ ደፋችው፤ ግማሹ እግሬ ላይ አረፈ። ደግነቱ በረድ ብሏል። "ተነስ" አለችው ባሏን። ተነሳ፤ ጃኬቱን አልብሳ ይዛው ወጣች። ጤና ጣቢያ መረመሩት፤ ሳንባው ነው ብለው መድኃኒት ሰጡት። ቀደም ብሎ ቢመጣ ይሻለው ነበርም ብለዋል።

የሳቁባት በሰው ፊት ነውና እኔም ለሰው መናገር ነበረብኝ። ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሜ አወጣሁት፤ የሽንኩርቱንም ጭምር። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "አዋቂ እንዲህ ነው፤ እንዳይረክስበት ይክዳል" አሉ! አንዱ እዚያው የሚያስል ፈረስ አመጣልኝ። ወደ ሐኪሙ እየጎተትኩ ወሰድኩለት።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ጎልማሳ ነበርኩ። አፍሬ ነው አልልም፤ ማፈሬማ እውነት ነው፣ በጉን ስበላ ግን አላፈርኩም። ጫልቱ ደጅ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አላነሳችኝም። "ሳሉ ሲቆም ና፤ ያኔ እንነጋገራለን" አለችኝና ወደ ሥራዋ ገባች።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ፈረሴን ሳልጭን በፊት አጥራቸው ሥር ቆሜ አዳምጣለሁ። ዛሬ ቶለሳ ሁለቴ ብቻ ሳለ።