ሽማግሌ የላክሁ ቀን የተናደው በረዶ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ሀና ማርያም፣ ለሊሴ ቤት ፊት ለፊት ካለው ሱቅ በር ላይ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። ለሊሴን ላገባ ሦስት ሽማግሌዎች ልኬ ወደ አባቷ ወደ ጋሽ ቱሉ ግቢ እየገቡ ነው። ላኪው ራሱ እዚያ ድርሽ አይልም፣ ወጉ ነው። እኔ ግን ቤት መቀመጥ አቃተኝ።

ከመድረሳቸው በፊት ባቄላ ባቄላ የሚያህል በረዶ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ወርዶ ነበር። የጋሽ ቱሉ ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ነጭ ሆኗል።

ሥራዬን ልንገራችሁ መጀመሪያ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ቁጭ ብዬ፣ በኢንተርኔት ለአንድ የውጭ ድርጅት የበረዶ ተራራ ፎቶ እያየሁ «ይሄ ይናዳል፣ ይሄ አይናድም» እያልኩ ምልክት አደርጋለሁ። ተራራውን በአካል አይቼው አላውቅም። ግን አንድ ነገር ገብቶኛል... የተቆለለ በረዶ ከሥር ያለው ንብርብር ከላላ፣ የላዩ በሙሉ አንድ ላይ ነው የሚወርደው። በተለይ ፀሐይ ስትወጣበት።

ፀሐይ ደግሞ ወጣች።

የግቢው በር ክፍት ስለሆነ ከሱቁ ሆኜ ሁሉም ይታየኛል፣ ይሰማኛል። ግቢው ጭቃ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ የቤቱ በር ፊት፣ ልክ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተደርድረው ቆመዋል።

«ግቡ እንጂ» አሉ ጋሽ ቱሉ በሩ ላይ ሆነው።

«ልጅዎን ለልጃችን ካልሰጡን አንገባም፣ አንቀመጥም» አለ አጎቴ ጋሽ አበራ።

«እንግዲህ ዘመድ ይምከርበት... ሌላ ቀጠሮ እንያዝ።»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ቀና ስል ጣሪያው ላይ ያለው በረዶ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፣ ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል። ስምንት ወር ሙሉ ምልክት ያደረግኩበት ስንጥቅ ራሱ ነው። አጎቴ ጋ ደወልኩ... ለክብር ብሎ ስልኩን አጥፍቶታል።

ሮጬ ገባሁ።

«ከጣሪያው ሥር ውጡ፣ ሊናድ ነው!»

አጎቴ በሐፍረት መሬት ልትውጠው ደረሰች። «አንተ ልጅ፣ ልታዋርደን ነው? ሂድ ከዚህ።»

ጋሽ ቱሉ ማነው የሚጮኸው ብለው ወጣ አሉ፣ ልክ ከጠርዙ ሥር። ክንዳቸውን አፈፍ አድርጌ ወደ ጭቃው ጎተትኳቸው።

ከዚያ ሿ... አለ። የጣሪያው በረዶ በሙሉ አንድ ላይ ወረደ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እስከ ጉልበታቸው ተቀበሩ፣ የአጎቴ ባርኔጣ የት እንደገባ እንጃ።

ከዚያ አጎቴ አንገቱ ሥር የገባውን በረዶ እያራገፈ ንግግሩን ቀጠለ።

«እና... ልጅዎን ካልሰጡን ከዚህ ንቅንቅ አንልም።»

ቢፈልግም መነቃነቅ አይችልም እኮ። ከመስኮቱ ጀርባ ለሊሴ በሳቅ ስትፈርስ ሰማኋት። እኔም ከንፈሬን ነክሼ ቀረሁ።

ጋሽ ቱሉ አንድ ጊዜ የቆሙበትን ቦታ፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ።

«በል ክንዴን ልቀቀኝና ከጓሮ አካፋ አምጣ» አሉኝ። «ሽማግሌ በረዶ ውስጥ አቁሜ ቀጠሮ አልሰጥም። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ሌላው ሲያጭ ቀለበት ይዞ ፎቶ ይነሳል... እኔ አጎቴን በአካፋ እያወጣሁ ነው።