ካቴናው ጥርስ የሳተ ዕለት

ከአንኮበር የተደወለልን የሞተሬ ሆድ ዕቃ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ነው። የደወሉት የአባታችን ጎረቤት ነበሩ። «አባታችሁ...» አሉ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይጠራም። ታላቅ ወንድሜም በራሱ ስልክ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የክትባት ሳጥኔን ከኋላ አስሬ ከደብረ ብርሃን ወደ ገጠር የምመላለሰው በዚያች ሞተር ሳይክል ነው። ያን ሰሞን ዳገት ላይ ጉልበት እያጣች አስቸገረችኝ። የአየር ማስገቢያውንና የጭስ ማስወጫውን ቀዳዳ የሚከድኑት ቫልቮች በደንብ አለመዝጋታቸው ስለገባኝ ግቢዬ ውስጥ ፈታኋት፤ አጽድቼ፣ ፈግፍጌ አስማማኋቸው። የቀረኝ መግጠም ብቻ ነበር።

ወንድሜ መኪና ፍለጋ መናኸሪያ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ወደ አንኮበር የሚሄድ የለም። መንገዱ ለመኪና ተዘግቷል ይባላል፤ ማን እንደዘጋው ግን የሚናገር አልነበረም። ሾፌሮቹን ሲጠይቃቸው ዘወር ብለው ሌላ ወሬ ይጀምራሉ።

«ይቺው ሞተርሽ ናት ያለችን» አለኝ። «ቶሎ በያ!»

«ጋሼ፣ ይሄ በጥድፊያ አይሆንም።»

«አባባ ምን ሆነው እንደሆነ ሳናውቅ?»

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሞተር ነገር አያውቅም። እየገጠምኩ ነገርኩት። ከላይ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ አለ፤ ከታች ፒስተኑን የሚያወጣና የሚያወርድ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በጥርሳም ክቦች ላይ የሚዞር ቀጭን ካቴና ነው። ፒስተኑ ሲመጣ ቫልቩ ቦታውን ለቆ መጠበቅ አለበት። ካቴናው ጥርስ ከሳተ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ቫልቩ ይጣመማል።

ካቴናው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ያሰርኩበትን ሽቦ አስያዝኩት። «ወጥረህ ያዝልኝ፣ እንዳትለቅ» አልኩት። የታችኛውን ምልክት ከጭረቱ ጋር፣ የላይኛውን ጥርሳም ክብ ምልክትም ከጠርዙ ጋር አስተካክዬ ካቴናውን አጠለቅኩ። ብሎኑን ላስገባ ስል የወንድሜ ስልክ ጮኸ። ሽቦውን ለቆ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ሃሎ! ሃሎ!»

ነፋስ ብቻ ነበር የሚሰማው። ጠፋ።

ብሎኖቹን አጠበቅኩ። ቀና ስል ወንድሜ እግሩን ማስነሻው ላይ አሳርፏል።

«እግርህን አንሳ!» ብዬ ጮህኩበት። በታላቄ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

በብሎን መፍቻ ቀስ እያልኩ ሞተሩን በእጄ አዞርኩት። ትንሽ ሄደና ቆመ። ጠብቆ የመቆም ዓይነት አልነበረም፤ ብረት ከብረት ሲገናኝ ክንድ ድረስ የሚሰማ ነው። ሽቦው ሲለቀቅ ካቴናው ጥርስ ዘሏል።

«ምንድን ነው?»

«ቫልቩ ፒስተኑ ላይ አርፏል። ረግጠኸው ቢሆን ኖሮ እዚሁ ቀርተን ነበር።»

ወንድሜ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ከትቶ፣ «ቢረፍድብንስ፣ እቴ?» አለ።

እንደገና ፈታሁ። ሽቦውን ከመሪው ጋር አሰርኩት። ምልክቶቹን አገናኘሁ፤ በእጄ ደጋግሜ አዞርኩ። አሁን ለሰለሰ፤ ምልክቶቹም እየዞሩ ቦታቸው ተመለሱ። የቫልቮቹን ክፍተት ለክቼ ክዳኑን ዘጋሁ። ስረግጣት ተነሳች።

ከከተማ ስንወጣ ቀትር አልፏል። ማሳው ላይ ሰው የለም። በጎች የምትነዳ አንዲት ሴት አገኘን፤ ስታየን ከመንገድ ወጥታ ፊቷን አዞረች። ሞተር የያዘን ሰው ያን ሰሞን ሁሉም ታጣቂ ነው ብሎ ይፈራው ነበር። አፋፉ ጋ ስንደርስ ጉሙ ዋጠን፤ ከጎማዬ ፊት ያለውን እንጂ ሌላ አላይም። ከጠርዙ ማዶ ገደል እንዳለ አውቃለሁ። ወንድሜ ወገቤን አጥብቆ ይዟል። እኔ የማዳምጠው ሞተሩን ነበር፤ ድምፁ ትንሽ በተለወጠ ቁጥር ነዳጅ እቀንሳለሁ።

የአባባ ግቢ በር ላይ ሰዎች ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል። ማንም ሰላም አላለንም። ሞተሯ ሳትቆም ወንድሜ ዘሎ ወረደ።

«ግቡ፣ ግቡ» አሉ ጎረቤታችን። «እስትንፋሳቸው አለ።»

አባባ የደብሩ ቄስ ናቸው። ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ላይ ወድቀው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ምላሳቸው ተሳስሯል።

«በምን መጣችሁ?» አሉን እየተኮላተፉ።

«በሞተር፣ አባባ።»

«በዚህ ጉም?» አሉና ዓይናቸውን በወንድሜ ላይ አሳረፉ። እሱ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። የሚታዘዛቸውን እጅ ዘርግተው በዘይት የጠቆረ ጣቴን ያዙ። እስኪተኙ ድረስ አልለቀቁኝም።

ሐኪም ቤት የምናደርስበት መኪና አላገኘንም። ሳምንቱ ሳይሞላ አረፉ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ወንድሜ፣ «ያን ስልክ ባላነሳው ኖሮ» ብሎ ጀመረ። «ጋሼ፣ ቀድመን ብንደርስም መንገዱ ዝግ ነበር» አልኩት። ነጠላውን ፊቱ ላይ ጎተተ። ለቀስተኞች ገቡ፤ ሁለታችንም ተነሣንላቸው።