ለእንግዳ የተሰጠ መልስ

ከነቀምት የወጣሁበት ዕለት ዋዜማ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታችን በሰው ሞላ። ዘመድ አዝማዱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች፣ ሱቅ ያለው ጉራጌው ጎረቤታችን ሳይቀር መጥተው ጸለዩልኝ፣ መረቁኝ፣ በሉ። ሁሉም አሜሪካ የምሄደው ልማር መሆኑን ነው የሚያውቁት። የቀረውን የሚያውቁት አባቴ ብቻ ነበሩ። ሰው ሲሳሳ ወደ ጓሮ ይዘውኝ ወጡና አንጮቴ ከሚባለው ሥራሥር መደብ ዳር ቆመን እንዲህ አሉኝ፦ «ኢልማኮ፣ የኔ ልጅ፣ ዲግሪውን ብታገኝ ደስ ይለኛል፤ ባታገኝም ልጄ ነህ። አንድ ነገር ግን አደራ። የአባቴ ስም ቤታችን በመጣው ፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ ይግባ።»

አገር ቤት ያላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ እንደኔ በሰው አገር ለተበተናችሁት ግን ላስረዳ። አያቴ ጉደታ በልጅነቱ ከአርጆ ተሰርቆ የተሸጠ ሰው ነው። እስከ ቀይ ባሕር ተነድቶ ሄደ። እዚያ ነጻ ወጣ፣ ማንበብ ተማረ፣ ሲጎለምስ በኦሮምኛ የተጻፈ ወንጌል በአህያ ጭኖ በእግሩ ወለጋ ተመለሰ። በእኛ ሰፈር አንድም ፈረንጅ ሳይታይ ጎጆ ቀልሶ ፊደል ያስቆጠረ እሱ ነው። ግን ያስተማራቸው ሰዎች አንድ በአንድ አለቁና የቀረው ሐሜቱ ሆነ። በእኛ አገር ሰው ማንነቱን የሚናገረው አባቶቹን ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው፤ የእኛ ቤት ቆጠራ ጉደታ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከእሱ በላይ ያሉትን እሱ ራሱ አያውቃቸውም ነበር። ጋብቻ በታሰበ ቁጥር አንዱ «የተሸጠ ሰው ዘር» ብሎ ያንሾካሹካል። ወንጌሉንማ ያመጡት ፈረንጆች ናቸው ይባላል። አባቴ በዚህ ሲቃጠሉ ነው ያረጁት።

ፕሮፌሰሩ የመጣው እኔ ከመሄዴ በፊት በነበረው በጋ ነው። አንቱታውን የነፈግኩት ተሳስቼ አይደለም። የታሪክ ሰው ነው፤ ስለ አሜሪካ መሪዎች፣ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ባህላቸው መጻሕፍት ጽፏል። አንዱ ስለ መጀመሪያዎቹ ፕሬዚዳንቶች ጸሎት ነው፣ አንዱ ባሮችን ነጻ ስላወጣው ፕሬዚዳንት እምነት፣ አንዱ ደግሞ አሜሪካኖች በበዓል ቀን ስለሚበሉት ሁሉ። ወለጋ ድረስ ያመጣው የአሜሪካ ሃይማኖት ዓለምን እንዴት እንዳዳረሰ የሚተርክ አዲስ መጽሐፍ ነበር። እኔ የሚስዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ስለነበርኩ አስተርጓሚው ሆንኩ፤ ቤታችንም ምሳ ተጋበዘ። ጩምቦ ተሠራለት። ቂጣው በተነጠረው ቅቤ እንደራሰ፣ ቅቤው እስከ ክርኑ እየወረደ በላ። ከዚያ የድምፅ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አባቴን ጠየቃቸው፦

«ይህን እምነት ወደዚህ ቤት ያመጣው ማነው?»

አባቴ ፈገግ አሉ። «እናንተው ናችሁ። ብርሃኑ ከእናንተ አገር ነው የመጣልን።»

ወለጋ ያደገ ሰው ይህን መልስ ያውቀዋል። ኬሱማ፣ እንግዳ ማለት ነው፣ ቤትህ ገብቶ ሲጠይቅህ የመጀመሪያው መልስ የክብር ነው። ማሩ ጣፈጠኝ ቢልህ «ካንተው ነው» ትለዋለህ፤ ቀፎው የእሱ ነው ማለትህ አይደለም። እሱም ሥርዓቱን ያውቃልና «አይ፣ እንዲያው ሙያው የማን ነው?» ይልሃል። እውነቱን የምትነግረው ያን ጊዜ ነው። ፕሮፌሰሩ ሁለተኛውን ጥያቄ አልጠየቀም። ማሽኑን ቀጭ አድርጎ አጠፋና ጩምቦ ድገሙኝ አለ። አባቴ ሰውዬው ያፈረ መስሏቸው ሳይጠየቁ የጉደታን ታሪክ ከአርጆ እስከ ባሕሩ፣ ከባሕሩ እስከ ነቀምት ተረኩለት። ቃል በቃል ተረጎምኩለት። እያኘከ «ድንቅ ነው፣ ድንቅ ነው» ይል ነበር። ሲሰናበት «ይህ ቤት በመጽሐፌ ውስጥ ይኖራል» አለን፤ እኔንም ዩኒቨርሲቲው አስመጥቶ ረዳቱ ሊያደርገኝ ቃል ገባ። መቼም ውሸታም አይባልም፣ ሁለቱንም ቃሉን ጠብቋል።

እናም ሄድኩ። አውቶቡሱ ባኮን፣ አምቦን ሲያልፍ በመስኮት አንገቴን አስግጌ ወደ ኋላ እያየሁ ነበር። አሜሪካ የተቀበለኝ አውሮፕላን ጣቢያ ውስጥ ማስቲካ በሚያኝክ ሹም ነው። ፓስፖርቴ «ነገራ ዲንሳ ጉደታ» ይላል።

«የቤተሰብ ስምህ የቱ ነው?»

«የቤተሰብ ስም የለንም። ነገራ እኔ ነኝ፣ ዲንሳ አባቴ፣ ጉደታ አያቴ።»

«አያትህ አብሮህ መጥቷል?»

«ሞቷል።»

«እንግዲያው አይቀየመንም» አለና ማኅተሙን መታበት። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ሚስተር ጉዲታ።»

ከዚያ ወዲህ ነገራ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ወተት አመላላሹም፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጸሐፊም፣ ፕሮፌሰሩም ሚስተር ጉዲታ ይሉኛል።

ኦሃዮ ውስጥ ቤት ፍለጋ የወጣሁበትን ቀን ደግሞ ስሙኝ። መስኮቱ ላይ «የሚከራይ ክፍል» የሚል ወረቀት እየተነበበ በሩን የከፈተው ሰው ፊቴን አይቶ «ተይዟል» ይላል። ወረቀቱን ሳሳየው «አሁን ነው የተያዘ» ይለኛል። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት አገሬን ጠየቁኝ።

«ኢትዮጵያ።»

«ከመጽሐፍ ቅዱሷ?» ብለው በሩን ወለል አደረጉት። «ታዲያ ምነው ቀድመህ አትናገርም? እኔ ከእኛዎቹ ጥቁሮች አንዱ መስለኸኝ ነው። ስማ፣ ስትወጣ የአገርህን ልብስ ልበስ፤ ጎረቤቶቼ እንዳይሳሳቱ።»

ነቀምት ኮትና ሱሪ ለብሼ ያስተማርኩ ሰው አሜሪካ ገብቼ በበረዶ ላይ ጋቢ ደርቤ መሄድ ጀመርኩ። ሴትየዋ ክፉ አይደሉም፤ እሑድ እሑድ ድንች ቀቅለው ደፍጥጠው ያበሉኛል። ጨውም ሚጥሚጣም ያልነካው ድንች ነው። እናቴ አንጮቴ ቀቅላ፣ ወቅጣ፣ በቅቤ ለውሳ ስታቀርብ ያለው ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጥቶ የጎረስኩትን መዋጥ ያቅተኛል። ደግሞ እዚህ ሰው እንደጠገብክ ስትናገር ያምንሃል። «በቃኝ» ስትል ሳህኑን ያነሱታል፤ እስክለምደው ድረስ በትሕትናዬ ብዙ ቀን ተርቤያለሁ።

በጸደይ ፕሮፌሰሩ የወለጋውን ምዕራፍ በታይፕ ተመትቶ እንዳየው ሰጠኝ። «ሽማግሌው ዲንሳ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ‹እናንተው ናችሁ፤ ብርሃኑ ከእናንተ አገር ነው የመጣልን› አሉኝ» ይላል። እንባ ብሎ ነገር አልነበረም፤ ሚጥሚጣ ነው። ስለ አያቴ አንድ መስመር የለበትም። ነቀምት መጀመሪያ የመጡት ፈረንጆች እንኳ አሜሪካኖች አልነበሩም።

«ጉደታ የታለ?» አልኩት።

«አንተ?»

«አያቴ።»

«አዎ፣ አዎ፣ ግሩም ታሪክ ነበር። ሰነድ አለው?»

«የተሸጠ ሕፃን ምን ሰነድ ይኖረዋል? የአባቴ ቃል አለ።»

«የአባትህ ቃልማ እኔም ጋ አለ» ብሎ ማሽኑን ከፈተው። የአባቴ ድምፅ ወጣ፤ ከበስተኋላቸው የእናቴ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። ናፍቆትና ንዴት አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚሆን ያን ቀን አየሁ።

«ይህ እኮ ለእንግዳ የሚሰጥ መልስ ነው» ብዬ ሥርዓታችንን አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«አባትህ ዋሽተውኛል ማለትህ ነው?»

አዎ ብል አባቴን ውሸታም ማድረጌ ነው፤ አይደለም ብል አያቴን ማጥፋቴ ነው። «ሁለተኛ አልጠየቅካቸውም ማለቴ ነው» አልኩት።

«ታሪክ የሚጽፈው የተመዘገበውን ነው።»

«ያ ነጻ አውጪው ፕሬዚዳንት ብቻውን ሲሆን በልቡ ምን ይጸልይ እንደነበር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፈሃል። ማን መዘገበልህ?»

«ያ ሌላ ነገር ነው» አለኝ። ባሮችን ነጻ ላወጣው ሰው መጽሐፍ ሙሉ ቦታ ነበረው፤ ነጻ ወጥቶ በእግሩ አገሩ ለተመለሰው ባሪያ ግን አንድ መስመር ጠፋ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ከገጹ ግርጌ ሊያስገባልኝ እሺ አለ። ደስ ብሎኝ ለአባቴ ጻፍኩላቸው። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ግርጌው ባዶ ነው፤ አሳታሚው የባዕድ ስም ሲበዛ አንባቢ ይሰለቻል ብሎ አውጥቶታል። የምስጋናው ገጽ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ለትሑቱ አስተርጓሚዬ ለሚስተር ጉዲታ።» እንግዲህ የአያቴ ስም መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በዚያው ሳምንት የፕሮፌሰሩን ሥራ ትቼ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ገባሁ።

ለአባቴ ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳወጣ ሳወርድ መጽሐፉ ቀደመኝ። ፕሮፌሰሩ በቸርነቱ ለሚስዮኑ ትምህርት ቤት ልኮት ኖሯል። በቴሌግራም ተቀጣጥረን አባቴ ነቀምት ስልክ ቤት መጡ። እዚህ ሲነጋ እዚያ ቀትር አልፏል። መስመሩ ይንሿሿል፤ የሁለታችንም ጩኸት ለጉድ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ አባ?»

«ደህና ነን፣ ዋቃ ይመስገን። መጽሐፉን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እየተረጎሙ አነበቡልን። የእኔ ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሲያበቃ እየተሰለፉ እጄን ጨበጡኝ።»

«አባ፣ እኔ ብዙ ታግዬ ነበር፣ ግርጌው ላይ...»

«ተወው፣ ኢልማኮ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ተነሥቼ ለጉባኤው ተናገርኩ። እንግዳው አልዋሸም፣ ያልኩትን ነው የጻፈው አልኳቸው። አባቴን በልጅነቱ ሰው ሸጠው፤ በሽምግልናዬ ደግሞ እኔ ሸጥኩት አልኩ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ መቀመጫ ወርጄ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አሁን የምቀመጠው እዚያ ነው።»

ያንን መቀመጫ ያገኙት ስንት ዘመን ሐሜቱን ችለው እንደሆነ አውቃለሁ። ልምጣ ልበላቸው ወይስ ይቅርታ ልበል እያልኩ ስንተባተብ፣ ስልከኛው ጊዜያችሁ አልቋል ሲል ሰማሁት።

«ደግሞ ፕሮፌሰሩን ሰላም በልልኝ» አሉ አባቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ምንም ቢሆን ቤታችን የበላ ሰው ነው።»

«እሺ አባ» አልኩ። መስመሩ ተቋረጠ። ሰላምታውን እስከ ዛሬ አላደረስኩም።